ዓሣው የት እንደኖረ ጆሮው ይናገራል

ጥያቄ፦ አንዳንድ ዓሦች በባሕርና በወንዝ መካከል ይመላለሳሉ ሲባል እሰማለሁ። ማን ተከትሏቸው ነው የታወቀው?

መልስ፦ ዓሣው ራሱ መዝግቦ ይዞታል! ጆሮው ውስጥ ኦቶሊት የሚባሉ ትንንሽ ድንጋዮች አሉ። ዓሣው ሲያድግ በላያቸው ላይ ስስ ሽፋን እየተደረበ እነሱም ያድጋሉ፤ አንዴ የተደረበው ደግሞ አይጠፋም። አንዷን ሰንጥቀው አለስልሰው በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት ልክ እንደተቆረጠ ግንድ ቀለበት በቀለበት ናት፤ መሃሏ ጨቅላነቱ፣ ጠርዟ የተያዘበት ሰሞን።

ታዲያ ቦታው በምን ይለያል? በስትሮንቲየም። ይህ ንጥረ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከወንዝ ይልቅ ባሕር ውኃ ውስጥ ይበዛል፣ ዓሣው ባሕር ሳለ የተሠራው ቀለበትም ብዙ ይይዛል። ከመሃል እስከ ጠርዝ በሌዘር እየጫሩ ሲለኩት መጠኑ ድንገት ከወረደ ዓሣው ወንዝ ገብቷል ማለት ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ የኢል ነገር ነው። እባብ የሚመስለው ይህ ዓሣ ባሕር ተወልዶ ወንዝ ያድጋል ሲባል ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ግን ከሰሜን ባሕርና ከምሥራቅ ቻይና ባሕር የተያዙ ኢሎችን ኦቶሊት ሲመረምር፣ ዕድሜ ልካቸውን ወንዝ ደጃፍ ያልደረሱ አገኘ።