ክራንች እንደምጠቀም መቼ ልንገራቸው?

«ሰላም። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የምንቀሳቀሰው በሁለት ክራንች ነው። መጀመሪያ ላይ አካል ጉዳተኛ መሆኔን ሲቪዬ ላይ እጽፍ ነበር፣ ማንም አልጠራኝም። ካወጣሁት በኋላ አንድ ድርጅት ጠራኝ። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ስደርስ ላብ በላብ ሆኜ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር። ጠያቂዎቹ ክራንቼን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝና ‹እንደውልልሻለን› አሉ። አልደወሉም። አሁን ደግሞ ገላን አካባቢ ያለ ፋብሪካ ለጁኒየር አካውንታንትነት ሐሙስ ኢንተርቪው ጠርቶኛል። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?»

እህቴ፣ ንገሪያቸው። ከሐሙስ በፊት፣ በስልክ።

ሲቪው ላይ ባይኖር ይሻላል። የመጻፍ ግዴታም የለብሽም። ሲቪ የሚያጣራ ሰው ፊቱ ክምር ወረቀት አለ፣ እሱን የሚያሳስበው ቶሎ መቀነስ ነው፣ እና «አካል ጉዳተኛ» የሚለውን ቃል ሲያይ አንቺን ሳይሆን በጭንቅላቱ ያለውን ሥዕል ነው የሚያየው። አንዴ ከጠሩሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትምህርትሽንና ውጤትሽን አይተው ወደውታል። አሁን የምትደውይው ቀጠሮው እንዲመቻች ነው።

እንዲህ በይ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ለሐሙስ ኢንተርቪው የተጠራሁ አመልካች ነኝ። በክራንች ነው የምንቀሳቀሰው። ኢንተርቪው የሚደረገው ፎቅ ላይ ከሆነ ግራውንድ ላይ ባለ ክፍል ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። መኪና እስከ በሩ ይገባል?» በቃ። «ይቅርታ ላስቸግራችሁ» አትበይ። ስለ ሕመምሽ፣ ስለ ልጅነትሽ አትተርኪ። ያለሽበትን ሁኔታና የሚያስፈልግሽን ነገር አንድ ላይ ስትነግሪያቸው፣ ሰውየው የሚያስበው ስለ ክፍሉ ይሆናል።

ያ አራተኛ ፎቅ እኮ ሒሳብ ማወቅሽን አልፈተነም። የፈተነው ጉልበትሽን ነው። ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ታች ወርደው ያናግሩሽ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ቢያንስ ግን እያላበሽ አትገቢም ነበር።

እኔም አንድ ጊዜ ከጠያቂዎቹ መሀል ተቀምጬ አውቃለሁ። ከከተማው ወጣ ያለ ፋብሪካ ነው። ጸሐፊዋ በር ላይ ቆማ ስም ትጠራለች። አንዱን ሦስት ጊዜ ጠራችው፣ መልስ የለም፣ «ቀሪ» ብለን አለፍነው። ለምሳ ስንወጣ አንድ ወጣት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ክላሰሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ብቻውን ተቀምጧል። ሲያየን ብድግ አለ፣ ወረቀት አወጣና «ተራዬ መቼ ነው?» ብሎ ጽፎ አሳየን። መስማት የተሳነው ነው። ስሙ ከተዘለለ ሁለት ሰዓት አልፏል። ኮሚቴው «ጊዜው አልፏል» አለው። እኔም አፌን ዘጋሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ማስታወቂያችን ላይ እኮ «አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» ብለን ጽፈን ነበር። የጠፋው ነገር ስሙን ወረቀት ላይ ጽፎ ማሳየት ነበር።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የኤችአር ሰዎች፣ እባካችሁ፣ አመልካች ስትጠሩ ሁሉንም «ለኢንተርቪው የምናመቻችልዎ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉንም፣ ማንም ተለይቶ እንዳይሸማቀቅ። የጽሑፍ ፈተና ካለ ለዓይነ ስውር አመልካች በሶፍት ኮፒ ስጡት፣ ስክሪን የሚያነበው ኤንቪዲኤ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ የሚወርድ ነው። ለቢሮ ሥራ «ሙሉ ጤነኛ» የሚል መስፈርት የምትጽፉ ደግሞ ሰርዙት።

ወደ አንቺ ልመለስ። ሐሙስ ዕለት «ይህን ሥራ ትችይዋለሽ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አትቆጪ። «የሥራው ቀን ምን እንደሚመስል ቢነግሩኝ እንዴት እንደምሠራው እነግርዎታለሁ» በይ። ከዚያ በደንብ አዳምጪ፣ ምክንያቱም ጁኒየር አካውንታንት እኛ አገር ብዙ ጊዜ ተላላኪም ነው፤ ባንክ ሂጂ፣ ገቢዎች ሂጂ፣ ከመጋዘን ደረሰኝ ሰብስቢ ይባላል። ይህ ካለ ሳትደብቂ ተነጋገሪበት። ለምሳሌ ባንኩን የሥራ ባልደረባሽ ይሂድ፣ አንቺ በምትኩ የሱን ፔይሮል ወይም የባንክ ማስታረቂያ ሥሪለት። ግብር አሁን በኦንላይን ማሳወቅ ስለሚቻል የገቢዎቹም ምልልስ ቀንሷል። ቦክስ ፋይሎቹ ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታች ይውረዱልሽ። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የምትችይ ከሆነ ቁጭ ብለሽ አሳዪያቸው፣ እጅሽ ሲሠራ ይዩት።

ሰርቪሱን ደግሞ እንዳትረሺ። ከተማ ዳር ሥራ ይዞ ሰርቪስ ማጣት ደሞዙን ለባጃጅና ለኮንትራት ታክሲ መገበር ነው። በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ይቆም እንደሆነ፣ መግቢያው ደረጃ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ጠይቂ። ለብቻሽ ወደ ሰፈርሽ ጠጋ ብሎ እንዲያነሳሽ መጠየቅም ነውር የለውም። ግን ይህን ሥራውን ከሰጡሽ በኋላ፣ ከመፈረምሽ በፊት አድርጊው።

ሕጉን ኢንተርቪው ላይ አታውጪው። ክፍሉ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ግን እወቂው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። አሠሪ በአካል ጉዳት ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል፣ የሥራ ቦታውን የማመቻቸት ኃላፊነት ይጥልበታል፣ ለሴት አካል ጉዳተኞች ደግሞ ያለባቸውን ድርብ ጫና እንዲያስብ ያዘዋል። ውጤትሽ ከሌላው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ላንቺ ነው። አድልዎ ደርሶብኛል ብለሽ ብትከሺ አለማዳላቱን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። የሕንፃ ሕጉም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል። ስለዚህ ያ ደረጃ ያንቺ ጥፋት አልነበረም። የምትነግሪኝ ነገር ሁለተኛ ከተደገመ ቀኑን፣ የተባልሽውን ቃል በቃል፣ ማን እንደነበረ ጽፈሽ አስቀምጪ፣ የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ሄደሽም አማክሪ።

አሁን ግን ስልኩ ይቅደም። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ደውይ። ካላነሱ በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ ያንኑ ቃል ላኪ። እስከ ማክሰኞ ካልመለሱልሽ ድገሚው። ሐሙስ ስትሄጂ ከሰዓቱ ሠላሳ ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ፣ ውኃ ያዢ፣ ከጥበቃው ጋር በሩ ላይ ትንሽ ተቀምጠሽ ዕረፊ። እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።