የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሮደስ ሣር ሰርዶ ነው እንዴ? ቡናዬንስ ይወርሰው ይሆን?

ጥያቄ (ከሰርቦ)፦

ሰላም ጋሼ፣ እኔ ከጅማ ወጣ ብሎ ሰርቦ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሉኝ። አምና ሰኔ ላይ ለመኖ የሚሆን የሮደስ ሣር ዘር አግኝቼ ጓሮዬ ዘራሁ፣ ፀሐይ የሚመታው ገላጣ ቦታ ላይ ያለው በጣም አምሮበታል ወገብ ይደርሳል፣ ቡናው ሥር ያለው ግን እየመነመነ ጠፋ፣ ታች ውሃ የሚተኛበት ላይ የዘራሁት ደግሞ ገና ሳያድግ ቢጫ ሆኖ ቀረ። አሁን ገላጣው ላይ ያለው መሬት ለመሬት እየተሳበ ሥር መስደድ ጀምሯል፣ ጎረቤቴ ይሄማ ሰርዶ ነው ቡናሽን ሳይወርሰው ነቅለሽ ጣይው ትለኛለች። እውነት ሰርዶ ነው? ልንቀለው?

መልስ፦

እህቴ ሰላም ለቤትሽ፣ እባክሽ እንዳትነቅይው! ጎረቤትሽ ግን ዝም ብላ አይደለም እንደዛ ያለችው፣ ሮደስና ሰርዶ በእርግጥም ዘመዳሞች ናቸው (ጤፍና ዳጉሳም እዛው ንዑስ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው)፣ ሁለቱም መሬት ለመሬት እየተሳቡ በየአንጓቸው ሥር ይሰዳሉ፣ የሁለቱም አበባ እንደ ጣት ተዘርግቶ ነው የሚወጣው። ግን አንዴ ጠጋ ብለሽ ካየሻቸው ሁለተኛ አይምታቱብሽም።

መጀመሪያ አንዱን ከነሥሩ ቆፍረሽ አውጪው። ሰርዶ፣ እናንተ ጋ ጮቆርሳ የሚባለው፣ ከላይ ከሚሳበው ሌላ አፈር ውስጥ የሚሄድ ነጣ ያለ ጫፉ ሹል የሆነ ግንድ አለው፣ ገበሬውን የሚያማርረውም እሱ ነው፣ ስታርሺው ይቆራረጣል ቁርጥራጩ ሁሉ ደግሞ እንደገና ይበቅላል። ሮደስ እንደዛ ዓይነት ግንድ የለውም፣ የሚሳበው ከላይ ከላይ ነው፣ በዶማ ጠርዙን ከቆረጥሽው ይቆማል።

ቀጥሎ አበባውን እይ። የሰርዶ ጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ናቸው፣ ቀጫጭንና አጫጭር፣ ብዙዎቹ ከ6 ሴንቲሜትር አያልፉም። ሮደስ ላይ ግን አንዳንዴ 10 እና 15 ጣት ከአንድ ቦታ ይወጣል፣ እያንዳንዱ እስከ 15 ሴንቲሜትር ሊረዝም ይችላል፣ መጀመሪያ አረንጓዴ ወይ ሐምራዊ ቢጤ ይሆንና ሲበስል ወደ ገለባ ቀለም ይሄዳል። የስልክሽን ካሜራ ዙም አድርገሽ አንዷን ፍሬ ብታያት ጫፏ ላይ ሁለት የፀጉር ያህል የቀጠኑ ጭራዎች አሏት፣ ጎንና ጎኗ ላይም ፀጉር አለ፣ የሰርዶ ፍሬ ጭራ የለውም። ቁመቱማ አይወዳደርም፣ ሮደስ ቆሞ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ይሄዳል፣ ቅጠሉም እስከ ግማሽ ሜትር ይረዝማል።

አሁን ወደ ጓሮሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ሮደስ የአፍሪካ የገላጣ ሜዳ ሣር ነው፣ እኛም አገር በዱር ይበቅላል። ዝናቡ በዓመት ከ600 እስከ 1500 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦታ ይስማማዋል፣ ሥሩ ከ4 ሜትር በላይ ወርዶ ውሃ ሲስብ ተገኝቷል ስለዚህ ድርቁን ይችላል፣ ጨዋማ መሬት እንኳን አይበግረውም፣ ጨውን በቅጠሉ በኩል ያስወጣዋል፣ ሳውዲ ዓረቢያ በረሃ ላይ በመስኖ ያመርቱት የነበረውም ለዚህ ነው። የጅማ ችግር ግን ድርቅ አይደለም! ዝናባችን እሱ ከሚወደው ላይኛው ጫፍ ላይ ነው፣ የሚያስቸግረው ጥላው፣ የተኛው ውሃ እና የአፈሩ አሲድነት ነው።

ቡናው ሥር ያለው የጠፋው በጥላ ነው። ሮደስ ጥላ አይችልም፣ ዋንዛና ብርብራ ሥር ብትዘሪው እንደ አምናው ይመነምናል፣ ስለዚህ ጥላ ያለውን ቡና ይወርሳል የሚለው ብዙ አያስጨንቅሽ። ገና ፀሐይ ላይ ያለ የቡና ችግኝ ካለሽ ግን ይሻማዋል፣ እዛ ጋ አንድ ሜትር ያህል ባዶ ትተሽ ጠርዙን ቁረጪ። ታች ያለው ደግሞ ገና ለጋ እያለ ነው ውሃ የተኛበት፣ ያደገ ሮደስ ለጥቂት ቀን ውሃ ቢተኛበት ይችላል፣ ለጋው ግን አይችልም። እሱን ቦታ ለጨፌው ሣር ተይለት፣ እኔ ብሆን ድጋሚ ዘር አላባክንም።

አፈሩን በተመለከተ ቀዩ የጅማ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፣ ሮደስ የሚመቸው ፒኤች (የአፈር አሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5.5 እና ከዛ በላይ ሲሆን ነው። አሁን ያማረው ገላጣ ቦታ በሁለት ሦስት ዓመት ቢሳሳብሽ ማዳበሪያ ከመግዛትሽ በፊት ወረዳ ግብርና ሄደሽ አፈሩን አስመርምሪ፣ አሲዱን የሚቀንስ ኖራ ሊያስፈልገው ይችላል፣ ፍግሽንም አትንፈጊው።

እና ደግሞ እንዲያረጅ አትጠብቂው! ብዙ ሰው ይብዛልኝ ብሎ ዘር እስኪያፈራ ያቆየዋል፣ ለጋው ሮደስ ፕሮቲኑ እስከ 17 በመቶ ይደርሳል ያረጀው ግን እስከ 3 በመቶ ይወርዳል፣ ላሟ ሆዷ ይሞላል እንጂ ወተት አይጨምርላትም። አበባው ብቅ ብቅ ሲል እጨጂ፣ ከሥሩ ሳትላጪ ጥቂት ጉቶ ተይለት፣ በደንብ ሥር ሳይሰድ ከብት አታስገቢበት ምክንያቱም ሲግጡ ይነቅሉታል።

ጥያቄ (ከአጋሮ)፦

ጋሼ የሮደስ ዘር ገዝቼ እንደ በቆሎ ፈር አውጥቼ ዘራሁ፣ አንድም አልበቀለም። ዘሩ ውሸት ነው?

መልስ፦

ወንድሜ ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ጥልቀቱን እንጠርጥር። የሮደስ ዘር በጣም ደቃቅ ነው፣ በአንድ ኪሎ ውስጥ ሚሊዮኖች አሉ፣ ከ2 ሴንቲሜትር አስበልጠህ ከቀበርከው የመውጣት አቅም የለውም። መሬቱን እንደ ጤፍ አለስልሰህ ከላይ በትነህ በእግር ረገጥ ረገጥ ወይ በቅርንጫፍ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። ፀጉራም ስለሆነ እጅ ላይ እየተጣበቀ አንድ ቦታ ይከመራል፣ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለህ በትነው። ለሄክታር 10 ኪሎ አካባቢ ይበቃል፣ ለሩብ ሄክታር 2 ኪሎ ተኩል ማለት ነው።

ሌላው ገና ትኩስ የታጨደ ዘር ወራት ካልቆየ እሺ ብሎ አይበቅልም፣ መቼ እንደታጨደ ጠይቅ። ለሚቀጥለው ከመዝራትህ በፊት 100 ፍሬ ቆጥረህ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርግ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጠው፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ። ደህና ዘር በሳምንት ውስጥ ያቆጠቁጣል፣ ጥቂት ብቻ ከወጣ ዘሩ ወይ ትኩስ ነው ወይ አርጅቷል ወይ ባዶ ገለባ በዝቶበታል፣ ማሳህ ላይ አትበትነው።