ከሃይሉክስ ወደ ዲ-ማክስ ልሻገር? የጅማ ባለፒክአፖች ጥያቄና የጋሼ መልስ

በጅማና በዙሪያዋ ፒክአፕ የምንነዳ አባላት ሰሞኑን ደጋግመን ያነሣነው ጥያቄ አንድ ነው፤ በእጃችን ያለውን ሸጠን ወደ ሌላው እንሻገር ወይስ ያለንን ይዘን እንቀጥል? መልስ የሰጡን በናፍታ ሞተር ጥገና ሠርተውም አስተምረውም የቆዩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባላችን ናቸው። ጥያቄዎቹ በደረሱበት ቅደም ተከተል ቀርበዋል፤ በመካከል የተነሣው የአባላት ክርክርም እንዳለ ተቀምጧል።

ጋሼ፦ አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። የቶዮታው ሃይሉክስ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የአይሱዙው ዲ-ማክስ ደግሞ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠሩ የቆዩ በመሆናቸው በእነዚህ ሁለት ስሞች ሥር ጠባያቸው ፈጽሞ የማይገናኝ ብዙ ሞተሮች አሉ። ስለዚህ የሚጠይቅ ሁሉ የሞተሩን ኮድ፣ የተሠራበትን ዓመትና የሚጭነውን ክብደት ይጻፍ። ሦስቱ ካልተጻፉ መልስ አልሰጥም።

ጠያቂ (ቡና አቅራቢ፣ ከአጋሮ)፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ያለኝ እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ሲሆን ሞተሩ ባለ 3.0 ሊትር 1ኬዲ ነው። በቡና ወቅት ከጌራ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡና አመላልስበታለሁ፤ የምጭነው እስከ 15 ኩንታል ይደርሳል። ባለፈው ወቅት ባሌስትራ ሰብሯል፣ ፍሪሲዮንም ጨርሷል። አሁን አንድ የ2014 ዲ-ማክስ፣ ባለ 3.0 ሊትር 4ጄጄ1 ሞተር፣ ቀርቦልኛል። የእኔን ሸጬ ጥቂት ጨምሬ ብገዛው ምን ይመክሩኛል?

ጋሼ፦ ወንድሜ፣ አሟልተህ ስለጻፍህ አመሰግናለሁ። የገለጽኸው ወጪ ግን የመኪናው ሳይሆን የጭነቱ ነው። የደብል ጋቢና ፒክአፕ የመጫን አቅም፣ ሃይሉክስም ሆነ ዲ-ማክስ፣ እንደ ሞዴሉ ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢልም በ1 ቶን አካባቢ ነው፤ ይህም 10 ኩንታል ሲሆን የሹፌሩ፣ የረዳቱና ጋቢና ውስጥ የገባው ሁሉ ክብደት ከዚያው ላይ ይቀነሳል። 15 ኩንታል ጭነህ፣ በጥቅምት ገና ባልደረቀው ቀይ ጭቃ፣ የጌራን ዳገትና ቁልቁለት ስትመላለስበት ባሌስትራው ቢሰበርና ፍሪሲዮኑ ቢያልቅ የሚያስገርም ነገር የለውም። ዲ-ማክሱን ገዝተህ ያንኑ ብትጭንበት እርሱም ይሰብራል። ጭነቱን መቀነስ የማትችል ከሆነ ከፒክአፕ ወደ ፒክአፕ መሻገሩ አይጠቅምህም፤ ለቡናው ወቅት ብቻ አነስተኛ የጭነት መኪና ተከራይና ፒክአፕህን ለሌላው ሥራ አስቀርለት።

ስለ ሞተሩ ግን የምለው አለ፤ ይህን ደግሞ ሳልሰለች እደግመዋለሁ። በ1ኬዲና በ2ኬዲ ሞተሮች፣ በተለይም በቀደሙት ዓመታት በተሠሩት፣ ናፍታውን ወደ ሲሊንደሩ ከሚረጨው ኢንጀክተር ሥር የምትቀመጠው የመዳብ ቀለበት ከጊዜ ብዛት ማፈኗን ልትተው ትችላለች። ያን ጊዜ ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው የተቃጠለ ጋዝ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይገናኛል፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ ጥላሸቱም እየረጋ ሄዶ በታችኛው የዘይት ገንዳ ውስጥ ያለውን የመምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ወንፊቱ ከተደፈነ ዘይት ወደ ላይ አይወጣም፤ ባለንብረቱ የዘይት መብራት በርቶ ሲያይ ደግሞ ኩሽኔታውና ተርቦው (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ብዙውን ጊዜ ቀድመው ተጎድተዋል። ስለዚህ መኪናህን ብትሸጠውም ባትሸጠውም የዘይት ገንዳውን አስወርደህ ወንፊቱን በዓይንህ ተመልከት፤ ቀለበቶቹንም አስለውጥ። «ዘይቱን ቀይሬያለሁ» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ አዲስ ዘይት የተደፈነ ወንፊት አይከፍትምና።

ለዲ-ማክሱ የምሰጠው እውነተኛ ብልጫ አንድ ነው። 1ኬዲ የሚሠራው የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ በሚያስማማው ታይሚንግ ቺንጊያ ሲሆን ይህም ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ መለወጥ አለበት፤ ሳይለወጥ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። 4ጄጄ1 ግን በሰንሰለት ይሠራል። በናፍታው በኩል ብልጫ አትፈልግለት፤ የሁለቱም ኢንጀክተሮችና የግፊት ፓምፕ የዴንሶ ሥራ ናቸው፣ ውኃ የገባበት ናፍታም ሁለቱንም እኩል ይገድላቸዋል። ከበርሜል ናፍታ አትቅዱ።

ጠያቂ (ከቆጪ)፦ ሰላም ጋሼ። ሃይሉክስ ይሻላል ወይስ ዲ-ማክስ?

ጋሼ፦ ኮድ፣ ዓመት፣ ጭነት።

አባል (የዲ-ማክስ ባለቤት፣ ከሰቃ ጨቆርሳ)፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የአጋሮው ወንድማችን አንድ ነገር እንዲያስብበት እፈልጋለሁ። አይሱዙ የሌለበት ወረዳ የለም፤ ሚዛን ብትሄድ፣ በደሌ ብትሄድ የአይሱዙ መለዋወጫ የማይሸጥ ሱቅ አታገኝም። በዚህ በኩል ዲ-ማክስ ከሃይሉክስ ያነሰ አይደለም።

አባል (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ሰውዬው ሊሸጥ በፈለገ ጊዜስ? ሃይሉክስ በጠዋት ለገበያ ቀርቦ ከሰዓት በኋላ ቀብድ ይያዝበታል፤ ዲ-ማክሱን ለመሸጥ ግን ገዢው ዋጋ እስኪቆርጥልህ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው።

አባል (ከሰቃ ጨቆርሳ)፦ በመኪና የምንሠራው ነድተን ነው እንጂ ሸጠን አይደለም። በሽያጭ ቀን አተርፋለሁ ብሎ ለዓመታት የማይመቸውን መኪና የሚነዳ ሰው ሒሳቡ አይገባኝም። ደግሞም ስትሸጥ በውድ ከሆነ ስትገዛም በውድ ነው።

አባል (ከፈረንጅ አራዳ)፦ መኪና እኮ የቤተሰብ ጥሪት ነው። ሕመም ወይም ሌላ ችግር ቢመጣ በሁለት ቀን ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ንብረት ዋጋው ሌላ ነው፤ የአንተ ሒሳብ ይህን አላካተተም።

ጋሼ፦ ሁለታችሁም ስለ ሽያጭ የምትሉት እውነትነት አለው፤ የምትለያዩት በፍላጎት ስለሆነ እኔ አልዳኛችሁም። ስለ መለዋወጫ የተባለውን ግን እንዲሁ ላልፈው አልችልም። በየወረዳው የምናያቸው የጭነት አይሱዙዎች ሞተራቸው በአብዛኛው የ4ኤች ቤተሰብ ነው፤ የዲ-ማክሱ 4ጄጄ1 ወይም 4ጄኬ1 ነው። የአንዱ ፒስተን፣ ኩሽኔታ ወይም ኢንጀክተር ለሌላው አይሆንም። በደሌ ላይ «የአይሱዙ መለዋወጫ» የሚል ታፔላ አይታችሁ የዲ-ማክስ ዕቃ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ከመግዛታችሁ በፊት የምታውቁት ሱቅ ገብታችሁ የናፍታ ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ዲስክና የፊት ኩሽኔታ በዚያ በምትገዙት ሞዴል ስም ጠይቁ። ሦስቱም ከመደርደሪያ ከወረዱላችሁ ግዙ፤ «ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ» ከተባላችሁ ግን ወደ 350 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ዕቃ እየጠበቃችሁ ቆማችሁ የምትውሉባቸውን ቀናት ከዋጋው ላይ ደምሩ።

ጠያቂ (አትክልት ነጋዴ፣ ከዴዶ)፦ ጋሼ፣ የእኔ አሮጌ ሃይሉክስ ሲሆን ሞተሩ 5ኤል ነው። ከጅማ ወደ ዴዶ ሲወጣ እስከ 6 ኩንታል ቢጭንም ያቃስታል፣ ጭሱም ይበዛል። ወደ አዲሱ ባለ 2.4 ሊትር 2ጂዲ ሃይሉክስ ልቀይረው አስቤያለሁ። ሞተሩ አርጅቶ ነው ወይስ መንገዱ ነው?

ጋሼ፦ ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው ጤነኛ ሞተር የሚያስፈታው ይህን ባለማወቅ ነውና። 5ኤል ተርቦ የሌለው ሞተር ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ በ1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ዴዶ ሽቅብ ስትወጣ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ፓምፑ ግን ናፍታውን የሚለካው አየሩ ባልቀነሰበት መጠን ስለሆነ ከፊሉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ያንሳል። አስቀድመህ የአየር ፊልትሮውን አስለውጥ፣ ፓምፑንና የኢንጀክተር አፎቹን በመሞከሪያ ማሽን ላይ አስለካ። ተርቦ ያለው ሞተር የከፍታውን ጉድለት አብዛኛውን ያካክሳል፤ ስለዚህ 2ጂዲው በዚያ ዳገት ላይ እንደሚሻልህ አልጠራጠርም። ታይሚንጉም በሰንሰለት ነው።

የምታጣውን ግን እወቀው። 5ኤል ኮመን ሬል፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ የከፍተኛ ግፊት ናፍታ መርጫ፣ የለውም፤ መንገድ ላይ ቢቆም በመፍቻ የሚያስነሣው መካኒክ በየትኛውም ወረዳ ታገኛለህ። 2ጂዲው የናፍታ ንጽሕናንና የምርመራ ኮምፒውተርን የሚፈልግ ሞተር ነው። በየቀኑ የምትወጣ ከሆነና ናፍታህን ከማደያ ብቻ የምትቀዳ ከሆነ ቀይር። በሳምንት አንድ ቀን ለገበያ ብቻ የምትወጣ ከሆነ ያለህን አስጠግነህ ያዝ።

ጠያቂ (ከሂርማታ)፦ የትኛው ነዳጅ ይቆጥባል?

ጋሼ፦ የትኛው ከየትኛው? ኮድ አልተጻፈም፣ ዓመት አልተጻፈም። የጎማ ንፋስዎን ያስሞሉ።

ጠያቂ (ከአጂፕ)፦ ከውጭ በቅርቡ የገባ ባለ 2.8 ሊትር 1ጂዲ ሃይሉክስ ላይ የጭስ ማጣሪያ አለው ተብዬ ፈራሁ። የምነዳው በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ሲሆን ያለኝ 2ኬዲ ነው። ልቀይር?

ጋሼ፦ ፍርሃትዎ ምክንያት አለው። የጭስ ማጣሪያው ጥላሸቱን ይዞ በየጊዜው በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥል ክፍል ነው፤ ይህ እንዲሆን ሞተሩ ሞቆ ለተወሰነ ጊዜ በተረጋጋ ፍጥነት መሄድ አለበት። ከሂርማታ አጂፕ፣ ከአጂፕ ጅሬን እየተመላለሰ የሚውል መኪና ለዚያ ጊዜ አያገኝም፤ ማጣሪያውም ይደፈናል። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2015 እስከ ሚያዝያ 2020 የተሸጡ የቶዮታ ናፍታ መኪኖች፣ ሃይሉክስን ጨምሮ፣ በዚሁ ማጣሪያ ጉድለት ምክንያት በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ ቀርቦባቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ለባለንብረቶቹ ተፈርዷል። ስለዚህ መኪናው የመጣበትን ገበያ ይጠይቁ፣ ከሥር ገብተውም የጭስ ማውጫውን መስመር ያስመርምሩ። ማጣሪያ ካለውና ሥራዎ ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ አይቀይሩ። የ2ኬዲዎን የዘይት ወንፊት ግን ያሳዩ፤ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ጠያቂ (ከጅሬን)፦ ዲ-ማክስ አሁን ስንት ያወጣል?

ጋሼ፦ ዋጋ አልናገርም። ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የትናንት ዋጋ ለዛሬ አያገለግልም። ደላላ ይጠይቁ፤ አንድ ሳይሆን ሦስት።

ጠያቂ (እኅታችን፣ ከጅማ)፦ ጋሼ፣ ያለኝ የ2012 ሃይሉክስ፣ ሞተሩ 2ኬዲ፣ ጭነት የለውም፤ በየወሩ አዲስ አበባ ደርሼ እመለስበታለሁ። ወደ 2013 ዲ-ማክስ፣ 4ጄኬ1፣ ልቀይረው የፈለግሁት የግቤን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑ ስለሚግልና በዝናብ ኋላው ስለሚንሸራተት ነው።

ጋሼ፦ እኅቴ፣ የጠቀሷቸው ሁለቱም ችግሮች በዲ-ማክሱም አይቀሩም። የሁለቱም የኋላ ባሌስትራ ጭነት እንዲሸከም ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ባዶውን ሲሄድ ኋላው ቀላልና ግትር ይሆናል፤ የኋላ ፍሬናቸውም የከበሮ ዓይነት ነው። ለመንሸራተቱ መጀመሪያ የሚታየው ጎማ ነው፤ ጥርሱ ካለቀ ወይም ለጭነት በሚሞላው ንፋስ ልክ ተሞልቶ ከሆነ እርጥብ አስፋልት አይዝም። ለፍሬኑ መፍትሔው የማርሽ አጠቃቀም ነው፤ ወደ ግቤ ድልድይ መውረድ ሲጀምሩ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ያድርጉ፣ ፍሬኑን እየረገጡና እየለቀቁ እንጂ ያለማቋረጥ ረግጠው አይውረዱ። የፍሬኑ ዘይት ከተቀየረ ዓመታት ካለፉትም ያስቀይሩት፤ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ሲግል ይፈላል፣ መርገጫውም ባዶ ይወርዳል። መኪናዎን አይቀይሩ። ታይሚንግ ቺንጊያው መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለዎት ግን ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ያስለውጡት።

ጠያቂ (ከሰርቦ)፦ ሁላችሁም ስለ ሁለቱ ብቻ ታወራላችሁ። ፎርድ ሬንጀር ባለ 3.2 ሊትርስ?

ጋሼ፦ ጉልበቱ አያጠያይቅም። ዘይት ሲቀየር ግን አሮጌው ዘይት ፈስሶ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ባዶውን እንዲቆም አይደረግም፤ የዘይት ፓምፑ አየር ይዞ ዘይት መሳብ ያቅተዋል። ይህን የማያውቅ ጋራዥ አንድ ከሰዓት በኋላ ሞተርዎን ሊጨርሰው ይችላል። ይህን የሚያውቅና ዕቃውን የሚያመጣልዎ ሰው ጅማ ውስጥ ካገኙ ይግዙ።

ጠያቂ (ከማና)፦ ጋሼ፣ ሃይሉክሴ ጠዋት ጠዋት ሲነሣ ያንኳኳል፣ ነጭ ጭስም ያወጣል። ሸጬ ወደ ዲ-ማክስ ብሄድ አይሻልም?

ጋሼ፦ ኮድ የለም። 1ኬዲ ወይም 2ኬዲ ከሆነ ለአጋሮው ወንድም የጻፍሁትን አንብብ፤ ሦስተኛ ጊዜ አልጽፈውም። ኢንጀክተሮቹን አስለካ፣ ቀለበቶቹን አስለውጥ፣ ወንፊቱን እይ፤ ከበርሜል የምትቀዳ ከሆነም ተው። የታመመ መኪና በርካሽ ሸጦ የማያውቁትን ሌላ የታመመ መኪና በውድ መግዛት ቅያሪ አይባልም።

ጠያቂ (ከሊሙ ገነት)፦ የምገዛውን ዲ-ማክስ በጋራዥ አሳይቼ ሞተሩና ቴላዮው ጤነኛ ነው ተብያለሁ። ሻጩ ግን ስም ማዞሩ ጊዜ ስለሚወስድ ለጊዜው በውክልና ያዘው ይለኛል። የእኔን ሃይሉክስም በዚያው መንገድ ሊወስደው ይፈልጋል።

ጋሼ፦ አይሆንም። በውክልና የያዝኸው መኪና ስመ ንብረቱ የሻጩ ነው፤ ሻጩ ቢሞት ውክልናው ይቋረጣል፣ ዕዳ ቢኖርበትም መኪናው ሊታገድ ይችላል። አንተም ሃይሉክስህን በውክልና ከሰጠኸው እርሱ አደጋ ባደረሰ ቀን የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ስምህ ነው። የሞተሩንና የቻሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አረጋግጥ፣ የሁለቱንም መኪና ስም በአንድ ቀን አዙሩ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ ከሌለው ቀብድህን ተቀብለህ ውጣ።