መኪናው ከፍ ሲል አክስሉ ከፍ አይልም

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ናችሁ? የምጽፈው ከድሬ ነው፣ ከለገሀሬ። ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ አለኝ፣ 4.2 ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም። ወደ ሽንሌና ኤረር በበርሜል ውሃ አመላልስበታለሁ፣ አራት በርሜል ነው የምጭነው፣ አንዳንዴም የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር እገባለሁ። አሸዋ ላይ ከስር ይነካብኛል፣ ከኋላም ቁጭ ብሏል። ያሰብኩት 4 ኢንች ከፍ ላስደርገው፣ 35 ጎማ ላስገባለት፣ ከዛ አክስሉን በጠንካራ ልቀይርለት ነው። ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ ከሶስቱም አትጀምር፣ ከጭነቱ ጀምር። አንዱ በርሜል 200 ሊትር ከያዘ ውሃው ብቻ 200 ኪሎ ነው፣ አራቱ 800፣ በርሜሎቹ ራሳቸው አንተና ረዳትህ ስትደመሩበት አንድ ቶን ገባህ። ባሌስትራ፣ ማለት ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው እንጂ በቁመት አይደለም፣ ስለዚህ ከነጭነቱ ሚዛን ላይ አውጣውና የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ አስመዝን። ብዙ ሰው ከአይሱዙ የወረደ ባሌስትራ አንድ ሁለት ይደርብና ጨረስኩ ይላል፣ ባዶውን ሲሄድ መኪናው እንደ ፍየል ይዘላል፣ ባሌስትራው ያልዋጠውን ምት ሻንሲው፣ የመኪናው አጽም፣ ይቀበለዋል፣ ከጋቢናው ጀርባ ሲሰነጠቅ የምታየው ለዛ ነው።

አሁን ከስር ግባና የተፋቀውን ቦታ እይ። የሚያብለጨልጨው የዲፈረንሻሉ ሆድ፣ ያ አክስሉ ላይ ያለው እብጠት፣ ከሆነ 4 ኢንቹ ምንም አይጠቅምህም፣ ከፍ የሚለው ሻንሲው ነው፣ ዲፈረንሻሉ እዛው ጎማው መሃል ይቀራል። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም በግማሽ። 7.50 በ16 ካለህ 32 ኢንች ገደማ ነው፣ 35 ስታስገባ የምታተርፈው አንድ ኢንች ተኩል ብቻ፣ ለሱ ብለህ ማርሽህ ወደ 9 ፐርሰንት ይከብዳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደንገጎን ተጭኖ ሲወጣ ይጨነቃል፣ ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ጎማውን እንዳለ ተወው።

ከፍታው 2 ኢንች ይበቃሃል። ከዛ ሲያልፍ የፊት አክስሉ ወደፊት ዞር ይልና ካስተሩ፣ ማለት መሪው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው ዘመምታ፣ ይቀንሳል፣ አስፋልት ላይ መሪው ይቅበዘበዛል፣ ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ፣ የካርዳኑም አንግል ይበላሻል። 2 ኢንችም ቢሆን ሲያልቅ በክሪክ አንስተህ ጎማው እስከመጨረሻው ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው ይወጠር እንደሆነ በአይንህ ሳታይ ከጋራዥ እንዳትወጣ።

ሾክ አብዞርበሩን ከባሌስትራው ጋር ባንዴ ቀይር። የድሮውን መሞከር ከፈለክ፣ ጎርባጣ መንገድ ከሄድክ በኋላ ቁምና ግራና ቀኙን በጥንቃቄ ዳበስ አድርግ፣ በደንብ ሊሞቅ ይችላል። አንዱ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ የቀዘቀዘው ሞቷል፣ ስራ የሚሰራ ሾክ ይሞቃል።

አክስሉን ለመቀየር ግን ብር አታውጣ። የ79 የኋላ አክስል ፉል ፍሎቲንግ ነው፣ ክብደቱን የሚሸከመው ውጪው ቤቱ እንጂ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ አይደለም። ኩሽኔታና ዘይት መያዣ ጎማውን አሳድስ፣ ይበቃዋል። ሎከር፣ ማለት ግራና ቀኝ ጎማው እኩል እንዲዞር የሚቆልፈው፣ የሚያስፈልግህ ድንጋይ ቦታ አንድ ጎማ አየር ላይ ሲቀር ነው፣ እሱም መጨረሻ ይመጣል። እንደ ደቻቱ ወንዝ አይነት አሸዋ ላይ ከሎከር በላይ የሚጠቅምህ የጎማ አየር መቀነስ ነው፣ ባዶህን ከሆንክ ወደ 20 ፒኤስአይ አውርደው፣ ተጭነህ ከሆነ ያን ያህል አታውርድ። በካላማዳሪ የሚሰራ ጎማ ከሆነ ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ፣ አየሩ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ዞሮ ቫልቩን ይበጥሰዋል፣ አስፋልት ላይ ሳትወጣም መልሰህ ሙላው።