ከፊትም ከኋላም አንድ የሆነው የመደብ ቁጥር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እንጅባራ አጠገብ የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ ነው) ችግኝ አፈላለሁ። ፕላስቲኩን መደቡ ላይ የምደረድረው 12 በ12፣ 13 በ13 እያደረግኩ ነው። ባለፈው ዝናቡ አላሠራ ሲለኝ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩና ከ1 በ1 እስከ 8 በ8 ያለውን አባዛሁ። ከዚያ የየብዜቱን አሃዞች አንድ አሃዝ እስኪቀር ድረስ ደመርኩ። 1፣ 4፣ 9፣ 7፣ 7፣ 9፣ 4፣ 1 መጣልኝ። ከኋላም ሲነበብ ያው ነው! አጋጣሚ ነው ወይስ ሕግ አለው?

መልስ፦ ሕግ አለው ወንድማችን፣ ያውም የሚያምር ሕግ። «ውሃው» የሚለውን ቃል ከመጨረሻው ፊደል ተነስተው ያንብቡት፤ ያው «ውሃው» ነው። እንዲህ ያለውን ፓሊንድሮም ይሉታል።

ምስጢሩ ያለው 9 ላይ ነው። 13 በ13ን እንይ፤ 169 ነው። 1፣ 6 እና 9 ሲደመሩ 16፣ 1 እና 6 ደግሞ 7። አሃዝ ሲደምሩ ሳይታወቅዎ 9 9ኙን እያነሱ እየጣሉ ነው፤ 10 ማለት 9 እና 1፣ 100 ማለት 99 እና 1 ስለሆነ የ9 ብዜቱ ሲወጣ የሚተርፈው አሃዙ ብቻ ነው። አሁን ከሁለቱ ዳር ጥንድ ጥንድ አድርገው ይያዙ። 7 በ7 49፣ 2 በ2 4፤ ልዩነታቸው 45። 8 በ8 ከ1 በ1 በ63 ይበልጣል፣ 5 በ5 ከ4 በ4 በ9። ሁሉም ለ9 ይካፈላል! ለምን ቢሉ፣ የሁለት ካሬዎች፣ ማለትም በራሳቸው የተባዙ ቁጥሮች፣ ልዩነት የሚገኘው የቁጥሮቹ ልዩነት በድምራቸው ሲባዛ ነው፤ የጥንዶቹ ድምር ደግሞ ሁሌም 9 ነው፣ 7 እና 2፣ 8 እና 1፣ 5 እና 4። 9ኙ ሲጣል ጥንዶቹ እኩል ይቀራሉ።

9 በ9 ራሱ 9 ይሰጣል፣ ከ10 በ10 ጀምሮ ያው ሰልፍ እንደገና ይነሳል፣ እንዲህ እያለ ማለቂያ የለውም። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ፣ 2 በ2 በ2 እንደማለት፣ ካባዙት ግን አይሠራም፤ 1፣ 8፣ 9፣ 1፣ 8፣ 9፣ 1፣ 8 ይሆንና ከኋላ ሲነበብ በ8 ይጀምራል።

ለሥራዎም ይጠቅማል። ሙሉ ካሬ የሆነ መደብ የሚሰጠው 1፣ 4፣ 7 ወይም 9 ብቻ ነው። 12 በ12ቱን መደብ ቆጥረው 143 ካሉ፣ ድምሩ 8 ነውና ወይ አንድ ፕላስቲክ ጎድሏል ወይ ቆጠራው ተሳስቷል። 135 ካሉ ግን ስህተቱ አይያዝም፣ ልክ እንደ 144 እሱም 9 ይሰጣልና። ያኔ መደቡ ዳር ቆሞ ረድፍ በረድፍ መቁጠር ነው።