ያስለቀሰኝ ፊልሙ ነው ወይስ ዘፈኑ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች እንዳጋጣሚ ሦስቱም ስለ ፊልምና ስለ ዘፈን ሆኑ። ሦስቱም ከወሎ ናቸው። ክረምቱ ገብቶ ሰው ቤት መዋል ሲጀምር ፊልም በዛ መሰለኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። «ኖቲንግ ሂል»ን ከአስር ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። መጽሐፍ ሻጩና ታዋቂዋ የፊልም ተዋናይ የሚዋደዱበትን ማለቴ ነው። እጮኛዬ ግን ባየሁት ቁጥር ያበሽቀኛል። «የሚያስለቅስሽ ዘፈኑ ነው እንጂ ፊልሙ ምን አለው? እስቲ ዘፈኑን አውጥተሽ እዪው» ይለኛል። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ አላለቀስኩም። ተሸነፍኩ ማለት ነው? (ሰ. ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሸነፍሽም። እሱም አልዋሸም። ዶሮ ወጥ በልተሽ «የጣፈጠሽ ቁሌቱ ነው እንጂ ዶሮው አይደለም» ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? ቁሌቱንማ ለዶሮው ብለው ነው ያቁላሉት።

እኔ ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት በጆሮዬ ነው። አትሳቂ። ደሴ ሰፈራችን ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች ቪዲዮ ቤት ነበረች። ባለቤትየው ሰው ለመጥራት ብሎ አንድ ስፒከር ከበሩ በላይ ወደ ውጭ ሰቅሎ ነበር። ሳንቲም ያለን ቀን ገብተን አግዳሚው ላይ እንጨናነቃለን፤ የሌለን ቀን ግድግዳውን ተደግፈን፣ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ልብሳችንን እያራሰው፣ ፊልሙን እንሰማለን። እንግሊዝኛችን ከደብተራችን ሽፋን አያልፍም ነበር። ውስጥ ያሉት ሲስቁ እኛም ውጭ እንስቃለን፣ በምን እንደሳቁ ሳናውቅ። ከዚያ አንድ ጎርነን ያለ ድምፅ ዘፈን ጀመረ። ውስጥ ሳቁ ቆመ። ሳል እንኳን አልተሰማም። አጠገቤ የነበረው ልጅ ቀስ ብሎ «ተጣሉ» አለ። ማንም አልነገረውም እኮ!

በኋላ ገንዘብ አግኝቼ ስገባ ያቺን ቦታ ጠበቅኳት። ሰውዬው ለንደን ውስጥ ፖርቶቤሎ መንገድ ላይ ገበያውን አቋርጦ ይሄዳል። በቃ፣ ይሄዳል። አንድ ቃል አይናገርም። እየሄደ እያለ ዝናብ ይጥላል፣ በረዶ ይወርዳል፣ መልሶ ፀሐይ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ እርጉዝ የነበረች ሴት መጨረሻ ላይ ልጇን ታቅፋ ትታያለች። በሁለት ደቂቃ ገደማ አንድ ዓመት አለፈ ማለት ነው። ድምፁን አጥፍተሽ ስታዪው ግን ገበያ የወጣ ሰው ነው። ምን ሊገዛ ነው ብለሽ ትጠብቂያለሽ።

ዘፈኑ የቢል ዊዘርስ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1971። እሷ ከሄደች ፀሐይ የለም የሚለው። ያን ዘፈን ሲያወጣ ዊዘርስ የአውሮፕላን ሽንት ቤት የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጣሪ ነበር። መሀሉ ላይ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እያለ 26 ጊዜ ይደጋግማል፤ ቁጠሪው ካላመንሽኝ። ቦታው ላይ ሌላ ስንኝ ሊጽፍበት አስቦ ነበር፣ አብረውት የሚጫወቱት ሙዚቀኞች ግን እንዲሁ ተወው አሉት። እኔ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዘፋኙ ቃል ያጣበት ቦታና መጽሐፍ ሻጩ ቃል ያጣበት ቦታ ተገጣጠሙ። ምን እንደሚል የጠፋው ሰው የሚለው ያንኑ አንድ ቃል ነው።

የኛን አገር ሠርግ አስቢ። ጥግ ላይ አንድ ዓይን አፋር ልጅ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ያለችውን ልጅ ወዷታል፣ መናገር ግን አይሞክራትም። ምን ያደርጋል? አዝማሪው በአጠገቡ ሲያልፍ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍና ጆሮው ላይ ስንኝ ይነግረዋል። «ተቀበል!» ይለዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ ይለዋል። ልጅቷ ትሰማለች፣ ሰዉም ይሰማል፣ ልጁ ግን ምንም አላለም! አንገቱን ደፍቶ ጠላውን ይጠጣል። ፊልም ላይ ያለውም ዘፈን ሥራው ይኸው ነው። መጽሐፍ ሻጩ እንግሊዛዊ ነው፤ ይሉኝታው የኛን ያህላል። ከሚናገር ቢሞት ይሻለዋል። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ዘፋኙን «ተቀበል» አለው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልሽ። «እሷ» የሚለው ዘፈን ፊልሙን ይከፍታል፣ ፊልሙን ይዘጋል። ዜማው የቻርልስ አዝናቩር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ፤ ለፊልሙ ደግሞ ኤልቪስ ኮስቴሎ ዘፍኖታል። መጀመሪያ ላይ ስንሰማው የምናየው ካሜራ የሚያብረቀርቅባትን ኮከብ ነው፣ የሁሉም የሆነችውን «እሷ»ን። መጨረሻ ላይ ግን መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ላይ ጋደም ብላ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጋለች። እሱ መጽሐፉን ያነባል። ዘፈኑ ያው ነው። «እሷ» ግን ያቺው አይደለችም።

ሁሉም ዘፈን ተሳክቶላቸዋል ማለቴ አይደለም። በሌሊት አጥር ዘለው የገቡባት የአትክልት ቦታ ላይ የሚመጣው የሮናን ኪቲንግ ዘፈን ለኔ ስኳሩ በዝቷል። ምንም ሳትናገሪ ነው ልቤን የምትነኪው የሚል ዘፈን ነው። ሁለቱም ዝም ብለው እያየናቸው እኮ ነው፤ ታዲያ ዝም ብሎ አያሳየንም ነበር? ይህን ስል ትጣዪኝ ይሆናል።

እጮኛሽን ደግሞ አንድ ነገር አድርጊው። የገበያዋ ትዕይንት ስትደርስ ዓይኑን በሻሽ ሸፍኚና ዘፈኑን ብቻ አሰሚው። እሱም አያለቅስም። ከዚያ ሻሹን ፈትተሽ ከመጀመሪያው መልሺለት።

ጥያቄ፦ ጋሽ አምደኛ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሐይቅ ዳር አጭር የፍቅር ኮሜዲ እየቀረፅን ነው። አንዱ ጓደኛዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትዝታ ከሥር ይሂድ ይላል። እኔ ደግሞ አባቴ ዘንድ ያለ የድሮ ካሴት ላይ አንድ የባቲ ዘፈን አለ፣ እሱን ማስገባት ፈልጌያለሁ። ማን ልክ ነው? (የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጓደኛህን ጠይቅልኝ። ልጁና ልጅቷ ገና ሳይተዋወቁ ትዝታ ምኑን ሊያስታውስ ነው?

ማጀቢያ የሚለው ቃል ከማጀብ ነው የመጣው። አጃቢ ሙሽራውን ከከለለው ሠርጉ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በተለይ ኮሜዲ ዝምታ ይፈልጋል። ቀልዱ ተነግሮ ሰው እስኪስቅ ድረስ ክፍት ቦታ ተውለት፤ ከሥር ክራር እየተንቆረቆረ ሳቅ አይመጣም። ብዙ የአማርኛ ፊልሞቻችን የሚበላሹትም እዚህ ጋ ነው። ተዋናዩ ገና አፉን ሳይከፍት ዘፈኑ እዘኑ፣ አሁን ሳቁ እያለ ያዝዘናል። ደግሞ ግጥም ያለው ዘፈን ከንግግር ሥር አታስገባ። ሁለቱንም አንሰማም።

የባቲው ሐሳብህ ጥሩ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው ከኛው አገር ነው፤ ወሎ ላይ ፊልም እየሠራህ ሌላ ቦታ ምን አስኬደህ? ግን ከሰማይ አታውርደው። ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚሄደው ሚኒባስ ሬዲዮ ላይ ይምጣ። ልጅቷ «ከፍ አርገው» ትበል፣ ልጁ ፊቱን ያጨፍግግ። እንዲህ አድርገህ ካስተዋወቅከን በኋላ፣ ሲጣሉና እሱ ብቻውን ውሃው ዳር ሲቆም፣ ያው ዘፈን ያለ ሬዲዮ ይምጣ። አሁን የሚሰማው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አንዲት ቃል መጻፍ አያስፈልግህም።

ካሴቱን ግን ዝም ብለህ እንዳትገለብጥ። የባቲ ቅኝት የሁላችንም ነው፤ ካሴቱ ላይ ያለው ዘፈን ግን ባለቤት አለው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥሙና የዜማው ደራሲ መብት በሕይወት እስካሉ፣ ከሞቱም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ዘፋኙና ካሴቱን ያሳተመው አካልም የየራሳቸው መብት አላቸው። «ስማቸውን መጨረሻ ላይ ጽፌያለሁ» ፈቃድ አይደለም። ያ ሁሉ ከከበደህ አንድ ጎበዝ ማሲንቆ ተጫዋች ፈልግና በባቲ አዲስ ዜማ ያውጣልህ። ክፈለው፣ ተፈራረሙ። ለአጭር ፊልም አንድ ሰው በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ወጉን ይተዉትና ለእርስዎ ከሁሉም የሚበልጠው ማጀቢያ የየትኛው ፊልም ነው? አንድ ብቻ ይጥሩ። (መ. ከወልድያ)

መልስ፦ መምህር፣ አንድ ካሉኝ «ብሮክን ፍላወርስ» ነው፣ የጂም ጃርሙሽ፣ እ.ኤ.አ. የ2005። ዓይነቱ ኮሜዲ ነው፣ ሆድ ግን ያባባል። ዕድሜው የገፋ ሴት ወዳድ ሰውዬ የማያውቀው ልጅ እንዳለው የሚገልጽ ስም የሌለው ደብዳቤ ይደርሰውና የድሮ ፍቅረኞቹን አንድ በአንድ ሊጠይቅ በመኪና ይነሳል። ጎረቤቱ ኢትዮጵያዊ ነው። ለመንገዱ ብሎ ሲዲ ያቀብለዋል፤ ሲዲው ላይ ያለው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። «የከርሞ ሰው» አለ፣ «የግሌ ትዝታ» አለ። ቅድም ለደሴው ልጅ ትዝታን አታስገባ ያልኩት ሰው እዚህ ላይ አፌን እይዛለሁ፤ ይሄኛው ሰውዬ የሚያስታውሰው ሞልቶታል።

ፊልሙን ቤት ውስጥ ሳይ እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ቴሌቪዥኑን አታይም፣ ጀርባዋን ሰጥታለች። ሙዚቃው ሲጀምር መቁላቱን ሳታቆም «ይኼ የኛ አይደል እንዴ?» አለች። አዎ አልኳት። ዞር ብላ አየችው። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ብቻውን መኪና የሚነዳ ፈረንጅ።

«ማን ሞቶበት ነው?» አለችኝ።