ትራይተንህ ሲዋልል ሞተሩን አትክፈት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ኖርተን ቴላዮ ላይ የትራያምፍ ሞተር የተቀመጠበት፣ ትራይተን የሚባል ሞተር ሳይክል ገዝተሃል። በሰዓት ከ70 ማይል ሲያልፍ ይዋልልብሃል፣ ረዥም ኩርባ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጋራዡ «ሞተሩን ከፍተን እናጠንክረው፣ መሪው ላይም ዳምፐር (የመሪውን መወዛወዝ የሚይዝ ዕቃ) እንግጠምበት» ብሎሃል። ሐሳብህ በሚመጣው ዓመት ክላሲክ ውድድር መግባት ነው። ይሄው ነገር እዚህ ለንደን እኔም ላይ ደርሷል። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ታገስና አንብበው። ይረዝማል።

ቴላዮህ ስሊምላይን ነው ብዬ ልነሳ። ከ1960 ወዲህ የወጣው፣ የነጂውን ጉልበቶች እንዳያራርቅ ከላይ ጠበብ የተደረገው ማለት ነው (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሞተሩም 649 ሲሲው የቦንቪል ቲ120። የኔ እንደዛ ነበር፣ ያንተም እንደዛ ይመስለኛል።

1. ሞተሩን አትክፈት። ቲ120 በ1959 ሲወጣ ፋብሪካው 46 የፈረስ ጉልበት አለው ይል ነበር። ያ ቴላዮ በዚህ ጉልበት አይደነግጥም። ፌዘርቤድ (የዚህ የኖርተን ቴላዮ ስሙ ነው) እኮ ለውድድር የተሠራ ቴላዮ ነው። የቀየሰው ሬክስ ማካንድለስ የሚባል የቤልፋስት ሰው ነው። በ1950 የኖርተኑ ተወዳዳሪ ጄፍ ዱክ እንግሊዝ ውስጥ ብላንድፎርድ ላይ ይዞት ወጣና በመጀመሪያ ውድድሩ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ማን ደሴት ላይ በሚካሄደው ቲቲ ውድድር ኖርተኖቹ በሲኒየሩም (500 ሲሲ) በጁኒየሩም (350 ሲሲ) ከ1ኛ እስከ 3ኛ ጠራርገው ወሰዱ። የጣሊያኑ ጂሌራ ባለ አራት ሲሊንደር ነበር፣ የኖርተኑ ሞተር ባለ አንድ። ቀጥታ መንገድ ላይ ጣሊያኑ ይሄዳል፣ ኩርባ ላይ ኖርተኑ ይደርስበታል።

ታዲያ ዱክ በዚያ ዓመት የ500 ሲሲውን የዓለም ሻምፒዮና ለምን አጣ? በጎማ። ቤልጅየምና ሆላንድ ላይ የጎማው ቆዳ እየተላጠ አስቀረው። ኡምቤርቶ ማሴቲ በጂሌራ 28 ለ27፣ በ1 ነጥብ በለጠው። በማግስቱ ዓመት ጎማው ሲስተካከል ዱክ የ350ውንም የ500ውንም ጠቀለለ። ጉልበት ጉልበት እያለ ለሚያጣድፍህ መካኒክ ይህችን ንገረው።

2. ከኋላ ጀምር። መጀመሪያ ግን የሚያስቸግርህ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሆነ ለይ። በ40 ማይል አካባቢ ነዳጅ ስትለቅ ማኑብሪው እጅህ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ከተርገፈገፈ ጉዳዩ ፊት ነው። የመሪውን ኩሽኔታ እይ፣ የፊት ጎማውን እይ። በትልቅ ፍጥነት ግን ትራይተኑ በሙሉ እንደ እባብ ቀስ እያለ ግራ ቀኝ ካለ ብዙውን ጊዜ ኋላ ነው። ያንተ ሁለተኛው ነው። በነገራችን ላይ ሲዋልል ማኑብሪውን አንቀህ አትያዘው፣ ይብስበታል። እጅህን ላላ፣ ደረትህን ወደ ፊት አዘንብል፣ ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ።

አሁን እኔ ላይ የሆነውን ልንገርህ። ምዕራብ ለንደን ያለ ጋራዥ ነው። ስሙን አልጠራም። ደጃፉ ላይ ግን የእንግሊዝ ክላሲክ ባለሙያዎች ነን የሚል ትልቅ ሰሌዳ ሰቅሏል። ኩርባ ላይ እንደሚዋልል ነገርኳቸው። ባለቤቱ አልነዳውም። ጎማውን እንኳ በእጁ አልነካውም። አስነሳው፣ ጆሮውን ጣል አደረገና «ሞተርህ ደክሟል፣ ጉልበት ሲያንሰው ነው የሚዋልለው» አለኝ። በልበ ሙሉነት ነው የሚናገረው። ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ገባ። ፒስተኖቹ ከፍ ያለ ኮምፕረሽን ባላቸው ተለወጡ። ሁለቱም አማል ካርቡራቶሪዎች አዲስ ሆኑ። የመሪ ዳምፐርም ተጨመረ። ሂሳቡ ከ2 ሺህ ፓውንድ አለፈ።

ውጤቱስ? ዋለለ። እንዲያውም ባሰበት፣ ምክንያቱም አሁን ወደሚዋልልበት ፍጥነት ቶሎ ይደርሳል። ዳምፐሩም ነገሩን ደበቀው እንጂ አልፈወሰውም። ተመልሼ ሄድኩና «የኋላው ቸርኬ መሀል ላይ ያለ አይመስለኝም፣ እንለካው» አልኩት። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እናንተ አገር እንዲህ ዓይነት ሞተር ሳይክል አለ እንዴ?» አለ። ልጆቹ ሳቁ።

የኔ አባት ጎሚስታ ነበር። ንፋስ ስልክ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ቦርሳዬን ወርውሬ ቸርኬ ሳቃና ነው ያደግኩት። ቸርኬ ሲዞር ዓይኔ የተንጋደደውን ሳይፈልግ ያየዋል። ይህን ለሰውየው ማስረዳት አላሰኘኝም። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ሲባጎ አመጣሁ። አንተም ዛሬውኑ አድርገው፣ ምንም ወጪ የለውም። ትራይተኑን ቀጥ አድርገህ አቁም። ሲባጎውን በኋላው ጎማ ጀርባ አዙርና ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገህ በሁለቱም ጎን ወደ ፊት ወጥረው። የኋላውን ጎማ የፊትና የኋላ ጠርዝ እኩል ይንካ። የፊት ጎማው ቀጠን ስለሚል በግራም በቀኝም ክፍተት ይተዋል። ማኑብሪው ቀጥ ብሎ ሁለቱ ክፍተቶች እኩል ከሆኑ ጎማዎቹ መስመር ላይ ናቸው። የኔ በግራ በኩል ጣት ያስገባል። በቀኝ በኩል ሲባጎው ጎማውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የካቴና ማስተካከያው ላይ የተጫረው ምልክት ግን «ልክ ነው» ይላል። ያንን ምልክት አትመነው።

ምክንያቱ ምን ሆነ መሰለህ? ከኔ በፊት ቸርኬውን እንደገና ሽቦ ያስገባበት ሰው ክቡን ልክ በሞዞው መሀል አስቀምጦታል። ለዓይን ያምራል። ግን በአንድ ጎን ታምቡሩና ጥርሱ ቦታ ስለሚይዙ የሞዞው መሀልና የቴላዮው መሀል አንድ ላይሆን ይችላል። ክቡ መቀመጥ ያለበት በቴላዮው መሀል ነው። የኔ 6 ሚሊሜትር ወደ ግራ ወጥቶ ነበር። የግራዎቹን ሽቦዎች በሩብ ዙር እያላላሁ፣ የቀኞቹን በሩብ ዙር እያጠበቅኩ አመጣሁት። ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ማሽን አይፈልግም። 2 ሺህ ፓውንድ የበላው ጋራዥ ይህን ለማየት ሲባጎ አልነበረውም።

እዚያው እያለሁ የኋላውን ጎማ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጎን ገፋሁት። ቀጭ አለ። የኋላውን ክንድ ከቴላዮው ጋር የሚያገናኘው ቦኮላ ማለት ነው። ፌዘርቤድ ላይ ይህ ቦኮላ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። ሲያረጅ ላስቲኩ ከብረቱ ይላቀቃል፣ ክንዱም ወደፈለገበት ይሄዳል። አዲስ ስታስገባ አንድ ነገር ልብ በል። ዋናውን ቡሎን የምታጠብቀው ትራይተኑ በጎማዎቹ ቆሞ፣ ክብደቱ ሞላዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ጋራዥ ውስጥ ማቆሚያ ላይ ሰቅለው ያጠብቁታል። ያኔ ስትቀመጥበት ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። የኔ አሮጌ ቦኮላ ሲወጣ ልክ እንደዛ ተጠምዝዞ ነው ያገኘሁት።

ጎማውንም እይ። ጥርሱ ሙሉ ነው ብለህ አትዘናጋ። ጎኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ። 2309 ቢል እንደ ፈረንጆቹ የ2009 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ክላሲክ ሞተር ሳይክል ጋራዥ ውስጥ ስለሚከርም ጎማው ሳያልቅ ይደርቃል። የደረቀ ጎማ ዝናብ ላይ ምን እንደሚያደርግህ መንገር አያስፈልገኝም።

ቁጥር መስጠቱን ተውኩት መሰለኝ። ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማሎሪ ፓርክ የሚባል የውድድር ሜዳ ወሰድኩት። ሌስተርሸር ውስጥ ነው። ጄራርድስ የሚባል ረዥም የቀኝ ኩርባ አለው፣ ትገባለህ ትገባለህ አያልቅም። የሚዋልል ትራይተን እዚያ ይጋለጣል። ዳምፐሩን ፈትቼ ቤት ትቼው ነው የሄድኩት። ልበ ሙሉ ሆኜ ነዳጅ ሰጠሁት። ንቅንቅ አላለም። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ፓዶክ (የተወዳዳሪዎች ማረፊያ ግቢ) ውስጥ መጥቶ ቴላዮዬን ማን እንደሠራልኝ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ትንሽ ተንጠባረርኩ።

ለጋራዡም ጽፌላቸው ነበር። «የሠራነው የሞተር ሥራ ትክክል ነው» ብለው መለሱ። እሱስ እውነት ነው፣ ሞተሩ ግሩም ይሠራል። የጠየቅኳቸው ግን እሱን አልነበረም። ያንተ ጋራዥ ባለ ትልቅ ሰሌዳ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ወደ ውድድሩ ስንመጣ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ኤሲዩ ነው፣ የእንግሊዝ የሞተር ሳይክል ስፖርት ማኅበር። ሥልጠናውን ቀድመህ ውሰድ፣ ክረምቱን አትጠብቅ። ጀማሪ ስለሆንክ ብርቱካናማ ሰደርያ ያስለብሱሃል፣ አትፈርበት። ከኋላ የሚመጣው ሰው ያውቅልሃል። ሄልሜትህ የኤሲዩ ወርቃማ ምልክት ያለበት ይሁን። የክላሲክ ውድድር ክለቡ ሞተር ሳይክሎቹን በዘመናቸውና በሲሲያቸው ይመድባል፣ ትራይተንህ የት እንደሚገባ ክፍያ ከመክፈልህ በፊት ጠይቃቸው። ከመግባትህ በፊት ፍተሻ አለ። የዘይት መውጫ ቡሎኖች በቀጭን ሽቦ ታስረው ይፈልጋሉ። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ወደ ዕቃ ይግባ፣ መሬት ላይ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሰው አይወዱም። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ ጫፉ ድቡልቡል ይሁን። ፈታሾቹ ፊታቸው ይኮሳተራል፣ አንዳንዱም ይቆጣል። ለነዚህ ግን ቅር አይበልህ፣ ሽቦውን የሚፈልጉት ዘይትህ ላይ ሌላው እንዳይወድቅ ነው።

ፍሬኑ ታምቡር ነው አይደል? የፊቱን አክስል ዳዶ ላላ አድርገው፣ የፍሬን እጀታውን ጭምቅ አድርገህ እንደያዝክ መልሰህ አጥብቀው። ሸራዎቹ ታምቡሩ ውስጥ መሀል ይገባሉ። ልዩነቱን ያኔውኑ ታየዋለህ። ያም ሆኖ ሲሞቅ እጀታው ወደ ማኑብሪው እየቀረበ ይመጣል። ስለዚህ ኩርባ ላይ የምትይዘውን ፍጥነት ተማር፣ ዘግይቶ ፍሬን መያዝን ለዘመናዊዎቹ ተውላቸው። ካድዌል ፓርክ የሚባለው የውድድር ሜዳ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ፍጥነት ሳይጥል የሚሄድ ቀላል ባለ 350 ሲሲ ትልልቆቹን ሲያስጨንቅ ታያለህ። አንተም ጋ ይደርሳል፣ አትናደድ።

ሊብሬውንም አትርሳ። ትራይተን ከሁለት ሞተር ሳይክል የተሠራ ስለሆነ ሊብሬው (እዚህ ቪ5ሲ የሚሉት) ላይ ያለው የቴላዮና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር መግጠሙን ራስህ አጎንብሰህ እይ። ሻጩ አነበብኩት ቢልህም እይ።

በመጨረሻ፣ «ያማሃ ስነዳ ስለኖርኩ አይከብደኝም» ያልከው ነገር አሳስቦኛል። የዚህ ማርሽ በቀኝ እግር ነው፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ። ደንግጠህ በልማድ ቀኝ እግርህን ስትጫን ፍሬን ሳይሆን ማርሽ ነው የምታገኘው። በዚያ ላይ የትራያምፍ ማርሽ በተፈጥሮው አንደኛው ወደ ታች፣ የቀሩት ሦስቱ ወደ ላይ ናቸው። የእግር መርገጫው ለውድድር ወደ ኋላ ከተገፋና የማርሹ ዘንግ ወደ ኋላ ከተገለበጠ ደግሞ አንደኛው ወደ ላይ ይሆናል። ሦስተኛ አገባለሁ ብሎ አንደኛ ያስገባ ሰው ሞተሩ ምን እንደሆነ አይቻለሁ፣ ፒስተኑን በፌስታል ነው የወሰደው። እሁድ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ፈልግና እግርህ ሳታስብ እስኪያደርገው ድረስ ተለማመድ። ከዚያ በፊት የመርገጫውን ፎቶ በቀኝ በኩል አንስተህ ከሲባጎው ልክ ጋር እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ዘንጉ ወደ የት እንደዞረ አይቼ እነግርሃለሁ።